የክረምቱ ትንበያና የአገራችን የዝናብ ታሪክ፦ ጥያቄዎቻችሁና ምላሾቼ

ግንቦት ሲጋመስ የመጪው ክረምት አዝማሚያ የብዙ ሰው ጥያቄ ይሆናል። በሚቲዎሮሎጂ ሙያ የሠራሁ እንደ መሆኔ ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ትንበያው ለአካባቢያችን «ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ፣ መደበኛ 35 በመቶ፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ» ቢል፣ ዝናቡ ጥሩ ነው ብለን ማሳውን ሁሉ በአንድ ዓይነት ዘር ብንሸፍን ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ አልመክርም። አኃዞቹ እንዴት እንደሚወጡ ማወቅ ይጠቅማል። በአንድ አካባቢ የተመዘገቡ ያለፉ ክረምቶች፣ ብዙውን ጊዜ የ30 ዓመታት፣ ከደረቁ እስከ እርጥቡ ተደርድረው በሦስት እኩል ይከፈላሉ፤ ሌላ ምንም ፍንጭ ባይኖረን ኖሮ ለእያንዳንዱ ሲሶ የምንሰጠው ዕድል 33 በመቶ ገደማ ይሆን ነበር። ስለዚህ 45 በመቶ ሲባል ሚዛኑ ወደ እርጥቡ ወገን አዘንብሏል ማለት ነው እንጂ እርጥብ ክረምት ተረጋግጧል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ትንበያ ከተሰጠባቸው አምስት ክረምቶች አንዱ ደረቅ ቢሆን ትንበያው ተሳስቷል ሊባል አይችልም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ወቅታዊው ትንበያ የሚናገረው ስለ ጠቅላላው መጠን መሆኑ ነው። ገበሬን በብዛት የሚጎዳው ግን የዝናቡ አገባብና አወጣጥ፣ እንዲሁም በመካከል የሚከሰቱት ደረቅ ቀናት ናቸው፤ ጠቅላላው መጠን መደበኛ ሆኖ በነሐሴ መጨረሻ ዝናቡ ቢቋረጥ፣ እህሉ ፍሬ በሚይዝበት ሰዓት ውኃ ያጣል። ወቅታዊውን ትንበያ ለዘር ዓይነት ምርጫ፣ በየ10 ቀኑ የሚወጣውን ትንበያ ደግሞ ለመዝሪያው ቀን መጠቀም የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ የክረምቱ ዝናብ ከየት ነው የሚመጣው? ለምንስ ኢሉባቦር ሲጠግብ ዋግ ኽምራ ይጠማል?

መልስ፦ ከሰኔ ጀምሮ የሰሜንና የደቡብ ንፍቀ ክበብ ነፋሳት የሚገናኙበት የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይጓዛል። በዚያው ጊዜ በደቡብ አትላንቲክ በሴንት ሄለና ደሴት፣ በደቡብ ህንድ ውቅያኖስ ደግሞ በማስካሬን ደሴቶች አካባቢ የሚገኙት ከፍተኛ የአየር ግፊቶች ይጠናከሩና ነፋስ ወደ እኛ ይገፋሉ። ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ተፋሰስ ደኖች እርጥበት የሚያመጣው የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ነፋስ በቅድሚያ የሚያገኘው የምዕራቡን ከፍታዎች ስለሆነ፣ እዚያ ዝናቡ ቀድሞ ይገባል፣ ዘግይቶም ይወጣል፤ በጎሬ አካባቢ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል።

በሰሜን ምሥራቅ በኩል ግን የዝናቡ ዕድሜ አጭር ነው። አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ በመሆኑ፣ ለኢሉባቦር ገበሬ ትንሽ መዘግየት የሆነው የሁለት ሳምንት መዛነፍ ለዋግ ገበሬ የወቅቱን ሩብ ያህል ያሳጣዋል። አንድን አገር አቀፍ ትንበያ ለሁሉም ወረዳ በእኩል ማንበብ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ኤልኒኞ ተከሰተ ከተባለ ድርቅ ይመጣል ማለት ነው?

መልስ፦ ዕድሉ ይጨምራል። ኤልኒኞ ማለት የመካከለኛው ሰላማዊ ውቅያኖስ የወገብ ክፍል ሙቀት ከአማካዩ ቢያንስ በ0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ብሎ ለወራት ሲቆይ የሚከሰት ሁኔታ ነው። ያ ሲሆን በከባቢ አየሩ ላይኛ ክፍል ከእስያ ወደ አፍሪካ የሚነፍሰው ጠንካራ የምሥራቅ ነፋስ ይዳከማል፤ እርጥብ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ደመና የሚሠራበት ኃይልም በከፍተኛ ቦታዎቻችን ላይ ይቀንሳል። የ1964 ክረምት በዚህ ተመታ፤ የወሎ ረሃብም ተከተለ። በ2007 ክረምት የታየው ኤልኒኞ ደግሞ ከተመዘገቡት ሁሉ ከብርቱዎቹ አንዱ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት የምግብ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደረሰ።

ነገር ግን ለ1977ቱ ታላቅ ረሃብ መነሻ የሆነውን የ1976 ክረምት እንመልከት። በዚያ ክረምት ኤልኒኞ አልነበረም። የነበረው በጊኒ ባሕረ ሰላጤ በኩል የአትላንቲክ ውቅያኖስ ከወትሮው መሞቅ ነው፤ ይህም የዝናቡን ቀበቶ ወደ ደቡብ በመያዝ ከሴኔጋል እስከ ቀይ ባሕር ያለውን አገር በማድረቁ በኩል ድርሻ ነበረው። የዚያ ረሃብ አስከፊነት በዝናብ እጥረት ብቻ እንደማይገለጽ፣ ጦርነቱና የመንግሥት ፖሊሲ እንዳባባሱት አምናለሁ፤ ከሰማዩ በኩል ያለውን ስንመረምር ግን ኤልኒኞን ብቻ መጠበቅ አደገኛ መሆኑን ያ ዓመት በግልጽ ያሳያል።

በተቃራኒው ላኒና፣ ማለትም ያው የሰላማዊ ውቅያኖስ የወገብ ክፍል ከአማካዩ የሚቀዘቅዝበት ሁኔታ፣ ባለበት ክረምት ጎርፍ ሊያይል ይችላል። በ1980 ክረምት ካርቱም በዝናብና በአባይ ሙላት ተጥለቅልቃ ነበር፤ በ2012 ክረምትም አዋሽ በአፋር ከወሰኑ አልፎ ብዙ ሰው አፈናቅሏል።

ጥያቄ፦ ከቦረና ነኝ። ክረምቱ ጥሩ ነው በተባለ ቁጥር እኛ ዘንድ ምንም የለም። ለምን?

መልስ፦ በእናንተ ዘንድ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ደረቅ ወቅት ስለሆነ የክረምቱ ትንበያ ለእናንተ አልተሠራም። የእናንተ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ በድጋሚም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው፤ የሚመጣውም በዋናነት ከህንድ ውቅያኖስ ነው። ኤልኒኞና ላኒናም በመኸሩ ዝናባችሁ ላይ ተቃራኒ ውጤት አላቸው። ከ2013 መባቻ ጀምሮ ላኒና በተደጋገመባቸው ዓመታት በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ በ2016 ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ኤልኒኞው ከህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል መሞቅ ጋር ተጣምሮ በሶማሌ ክልል ከባድ ጎርፍ አስከተለ። ለእናንተ ወሳኙ በነሐሴ አጋማሽ ገደማ የሚወጣው የበጋ ትንበያ ነው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ እምብዛም ዝናብ ሳይጥልባት እንዴት በጎርፍ ትጠቃለች?

መልስ፦ ጎርፉ የሚጫነው ከሐረርጌ ከፍታዎች ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ላይ የደቻቱ ወንዝ ሰዎችን በእንቅልፋቸው ሳሉ ሲደርስባቸው ከ200 በላይ ሕይወት ጠፋ። ተዳፋቱ በተራቆተ መጠን ውኃው ወደ መሬት ሳይሰርግ በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ በከተማዋ ሰማይ ጥርት ቢልም በላይኛው ተፋሰስ ደመና ከከበደ በደረቁ ወንዝ ውስጥ መተኛትና መነገድ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

ጥያቄ፦ የዝናብ መለኪያ ከመተከሉ በፊት ስለነበሩት ክረምቶች ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ይህ እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚመስጠኝ ነው። በአስዋን የሚያልፈው የአባይ ውኃ ከአምስት እጅ አራት እጅ በላይ የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ከፍታዎች በመሆኑ፣ በካይሮ በሮዳ ደሴት ላይ ባለው የወንዝ መለኪያ የተመዘገበው የሙላት ከፍታ በተዘዋዋሪ የእኛን ክረምት ይነግረናል። መዝገቡ፣ ክፍተቶች ቢኖሩበትም፣ ወደ 7ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። በ1905 ክረምት የአባይ ሙላት እጅግ ዝቅ ማለቱ በግልጽ ይታያል፤ ያም የኤልኒኞ ዘመን ነበር። ከ1880 እስከ 1884 የዘለቀው ክፉ ቀንም ብዙዎች በከብት በሽታው ብቻ የሚያስታውሱት ቢሆንም፣ የጀመረው ከድርቅ ጋር ተዳምሮ ነው።

ጥያቄ፦ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው ወይስ ሰኔ 1?

መልስ፦ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ሚቲዎሮሎጂ ለስሌት እንዲመች ሰኔን ሙሉውን ያካትታል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ገደላማ ቦታ ላይ ነው። በጎፋ የደረሰው በእኛም እንዳይደርስ ምን እንመልከት?

መልስ፦ በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ። ለተከታታይ ቀናት ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ በተዳፋቱ አናት ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፎችና አጥሮች ካዘነበሉ፣ ወይም ምንጩ ድንገት ከደፈረሰ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ሳይጠበቅ ሕፃናትንና አረጋውያንን አስቀድሞ ከሥሩ ማራቅ ያስፈልጋል። ናዳው ከወረደም አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ተዳፋቱን እየጠበቀ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይቆፍሩ፤ የቀረው ሕዝብ ከናዳው መውረጃ ውጭ በጎን በኩል ይቁም።