ስልኬን ላጥፋ ወይ ብላ ለጠየቀችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ፣ በውሃ ምህንድስና ተመርቃ ሥራ ከያዘች ገና ሁለተኛ ዓመቷ የሆነ ወጣት፣ ለቡና ብቅ ብላ ሳለ «ጋሼ፣ ስልኬን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ማጥፋት ጀምሬ ነበር፤ አለቃዬም እጮኛዬም ተቆጡኝ፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ስለረዘመ ያስቀየመችኝ መስሏት ይቅርታ ጠየቀች። አላስቀየመችኝም፤ የዘጌ ጀልባ ትዝ ብሎኝ ነው። በዚያ ሰዓት ያልመለስኩላትን ለእርሷም ለእኩዮቿም በጽሑፍ ልመልስ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

እናቴ እዚሁ ባሕር ዳር ጠላ ጠምቃ እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። ጠላ ያለ ጌሾ አይሆንም፤ የእናቴ ጌሾ ደግሞ የሚመጣው ከዘጌ ነበር። ዘጌን ያየ እንደሚያውቀው ባሕረ ገቡ በደን የተሸፈነ ነው፤ ከጥንት በቆየው የገዳማቱ ሥርዓት መሬቱ በበሬ ስለማይታረስ ሰው የሚተዳደረው በቡናና በጌሾ ነው። በልጅነቴ ጌሾውም የማገዶ እንጨቱም በደንገል ታንኳ ተጭኖ የሐይቁን ዳር ይዞ ይመጣ ነበር፤ እኔም ውሃው ዳር ቆሜ የእናቴን እስር ተቀብዬ በትከሻዬ ወደ ቤት እወስዳለሁ። እናቴ ለባለ ጌሾው ገንዘብ ስትቆጥር ያየሁበት ቀን ግን እጅግ ጥቂት ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

በ2001 ዓ.ም. የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ እናቴን ይዤ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ተሻገርኩ። የተሳለችው ጥላ ነበር፤ በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። ጣና ከቀትር በኋላ ማዕበሉ ስለሚነሣ በጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ተሳፈርን፤ በሞተር ጀልባ መንገዱ የአንድ ሰዓት ያህል ነው። ከዳር ራቅ እንዳልን እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ሞተሩ እንዳይውጣት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ዘጌ ላይ የሰው ገንዘብ አለብኝ፤ አንተ አዲስ አበባ ለትምህርት በሄድክበት ዓመት» ብላ ስትጀምር ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። እጄን አነሣሁና «አንዴ፣ እማዬ» አልኳት። መዳፌ ፊቷ ፊት ለፊት እንደ ተዘጋ በር ቆሞ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

የደወለው የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነበር፤ የመጋዘን ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ ፈልጎ ነው። ኔትወርኩ ሲቆራረጥብኝ ከእናቴ አጠገብ ተነሥቼ ወደ ጀልባው አፍንጫ ሄድኩ። በየትኛው መሳቢያ እንዳለ ነገርኩት። ጥቂት ቆይቶ ቁልፉ አልገባም ብሎ ደወለ፤ ከዚያም እኔው መጋዘን ጠባቂውን ፈልጌ ደወልኩ። ስጨርስ ጀልባው ዘጌ ደርሶ ገመድ ይታሰራል። «እማዬ፣ ምን ልትይኝ ነበር?» አልኳት። «ይደርሳል፣ ሲመቸን እነግርሃለሁ፤ አሁን ለበዓሉ እንድረስ» አለችኝና ጥላዋን ታቅፋ ዳገቱን ተያያዘችው። ስንመለስ ማዕበሉ ተነሥቶ ስለነበር ነጠላዋን ተከናንባ በዝምታ ጸሎቷን ታደርስ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት እርሷ አላነሣችውም፤ እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈጽሞ ረሳሁት።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጎረቤቷ ደውላ ቀሰቀሰችኝ። ስልኬ ክፍት ስለነበረ ደረስኩ። ምላሷ ተይዞ ነበር፤ እጄን ይዛ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ አደረች፤ በማግስቱ ዐረፈች። በአርባዋ ተዝካር ላይ አክስቴ «የጌሾዋን ነገር ነገረችህ?» ስትለኝ ነው የጀልባው ወሬ የተመለሰልኝ። አክስቴ የምታውቀው እኔ በተማርኩባቸው ዓመታት አንድ የዘጌ ሰው ጌሾ በዱቤ ይሰጣት እንደነበረና ሒሳቡ ሳይዘጋ እንደቀረ ብቻ ነው። ስሙን አታውቅም።

ዘጌ ሄጄ ጠየቅኩ። አንድ ሽማግሌ ከቡና ማሳው ዳር አስቀምጠው ታሪኩን በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ «ልጄ፣ ለባሕር ዳር ጠላ ጠማቂዎች ጌሾ በዱቤ ያልሰጠ ማን አለ? ግማሾቹም ሞተዋል» አሉኝ። ለቤተ ክርስቲያን ስጥና ይለፍልህ ያሉኝ ብዙዎች ናቸው፤ ሰጥቻለሁም። ነገር ግን ዕዳው የሰው ነበር።

እንግዲህ የጎረቤቴ ልጅ ስልኬን ላጥፋ ወይ ብላ የጠየቀችው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። አጥፊው እላታለሁ። ሆኖም ያችን የሐምሌ ሌሊት ስልኬ ዝግ ቢሆን ኖሮ እናቴ እጄን ሳትይዝ ትሄድ ነበር፤ ስለዚህ እኔ ራሴ ሌሊት ስልኬን አጥፍቼ አላውቅም፤ ውጭ አገር ያለች ልጄ ስለምትደውል ትራሴ ሥር ነው የሚያድረው። ምክሬ እርስ በርሱ እንደሚጋጭ አይጠፋኝም። ሌሊት የሚደውል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደውለው ጨንቆት ነው፤ ቀን ከሚደወልልን ውስጥ ግን ስንቱ የመጋዘን ቁልፍ እንደሆነ እናንተው ቁጠሩት። ተረኛ ሐኪም ወይም የመብራት ጥገና ሠራተኛ የሆነ ሰው በተራው ቀን ማጥፋት እንደሌለበት መናገር አያስፈልገኝም። አለቃሽን በተመለከተ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደማትገኚ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ሰው የሚቆጣው ሳይነገረው ሲቀር ነው። እጮኛሽን ግን አላውቀውም።

የዛሬ ልጆች ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ማስቀመጣቸውን እንደ ትልቅ ጨዋነት ይቆጥሩታል። የተገለበጠ ስልክ ግን ዓይን እንደጨፈነ ድመት ነው፤ አልተኛም። በሐይቁ ዳር ባሉት ካፌዎች አራት ሆነው ተቀምጠው፣ ፀሐይዋ ጣና ላይ ስትጠልቅ አራቱም ቪዲዮ ሲቀርጹ አያለሁ፤ እርስ በርስ ግን አይተያዩም። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የሐይቁን ከፍታ ንባብ ለአዳዲስ ሠራተኞች አስተምር ነበር። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው፤ እኛ የምንይዘው ግን የሴንቲ ሜትር ለውጥ ነው። ውሃው ሲወዛወዝ ቁጥሩ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ መለኪያው ፊት ቆሞ የማዕበሉን ጫፍና ጎድጓዳ ደጋግሞ አይቶ መካከሉን መያዝ ያስፈልጋል። ከሠልጣኞቼ አንዱ አንዴ አይቶ ቁጥር ጻፈና ወደ ስልኩ ዞረ። ቁጥሩ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተሳስቶ ነበር። ተቆጣሁት፤ ስቆጣው ግን የእኔም ስልክ ኪሴ ውስጥ ይነዝር ነበር።

ምናልባት በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ ወራት ሲቆይ አላወራንም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ያየሁት መጨነቅን ነው፤ የሩቅ ዘመድን ደኅንነት ማወቅ እስኪቸግር ድረስ። ሌላ ሰው የዘጋብህና አንተ በእጅህ የዘጋኸው አንድ አይደለም።

ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ለእኔ መሥሪያ ቤቴ ኖኪያ ሲሰጠኝ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። ከዚያ በፊት ለመደወል ቴሌ ሄደን ተራ ይዘን፣ ስማችን ሲጠራ ወደ ሣጥኑ እንገባ ነበር፤ እናቴም አዲስ አበባ ለነበርኩት ለእኔ ልትደውል ስትሄድ የክት ነጠላዋን ትለብስ እንደነበር አክስቴ ነግራኛለች። በዚያ ሣጥን ውስጥ ሌላ የሚያቋርጥ ስልክ አልነበረም። ያን ጊዜ የጌሾውን ነገር ለምን እንዳልነገረችኝ አስቤበታለሁ፤ ትምህርቴን ትቼ እንዳልመጣ ፈርታ ይመስለኛል።

አሁንም በየዓመቱ የካቲት 16 ወደ ዘጌ እሻገራለሁ፤ ከበዓሉ በኋላም ያልጠየቅኳቸውን አዛውንቶች እየፈለግኩ እጠይቃለሁ። ጀልባው ላይ ስወጣ ስልኬን አጠፋዋለሁ። በዚያ ቀን ብትደውሉ አታገኙኝም፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እከፍተዋለሁ።