መልስ፦ ለአውቶቡስ መስመር አጭሩን መንገድ ማግኘት ይበቃል?
ወንድሜ፣ «ሐዋሳ ላይ ከመናኸሪያ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጭሩን መንገድ በኮምፒውተር ካገኘሁ መስመሩ አለቀ ማለት ነው?» ብለሃል። አላለቀም። አጭር መንገድ ለአንድ መንገደኛ ነው፤ መስመር ግን ለብዙ ሰው ነው የሚዘረጋው። መጀመሪያ ከየት ወዴት ስንት ሰው እንደሚሄድ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያስፈልግሃል። በባጃጅ የሚሄደውንም ቁጠር፤ አለዚያ ቀመሩ ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ሊዘረጉ የሚችሉ መስመሮችን ደርድርና ለእያንዳንዳቸው በሰዓት ስንት አውቶቡስ እንደሚመደብ በሙሉ ቁጥር ፈልግ። በየትኛውም የመንገድ ክፍል ላይ የአውቶቡሶቹ ቦታ ከተሳፋሪው ቁጥር ማነስ የለበትም።

አውቶቡሱ በየስንት ደቂቃው እንደሚመላለስ በእጅህም ታሰላዋለህ። እጅግ በሚጨናነቀው ክፍል በሰዓት 600 ሰው ያልፋል፣ አንድ አውቶቡስ 60 ይይዛል እንበል፦ በሰዓት 10፣ ማለትም በየ6 ደቂቃው አንድ። ደርሶ መልሱ 50 ደቂቃ ከፈጀ፣ 50 ለ6 ሲካፈል 8.3 ስለሚሆን 9 አውቶቡስ ግድ ነው። 9 በ6 ሲባዛ 54 ስለሆነ፣ ከ50 የሚተርፈው 4 ደቂቃ ለሹፌሩ እረፍት ይሆናል።

የሚያከራክረው ግቡ ነው። ወጪ ብቻ ከቀነስክ ብዙ ሰው ፒያሳ ወርዶ ሌላ አውቶቡስ ይጠብቃል፤ ሁሉም ሳይወርድ ይድረስ ካልክ ደግሞ አውቶቡሱ ይበዛል። እኔ ብሆን እያንዳንዱን ቅያሪ እንደ ተጨማሪ የጉዞ ደቂቃ ቆጥሬ ቀመሩ ውስጥ አስገባው ነበር፤ ልጅ አዝላ ፀሐይ ላይ የምትጠብቅ እናት መቆጠር አለባት።