የሴንሰሪ መጫወቻ ከመግዛትሽ በፊት ጓዳሽን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ልጅሽ 1 ዓመት ከ8 ወሩ ነው፣ ስልክ ካልያዘ አይበላም፣ ሴንሰሪ ኪት የሚባለው፣ ልጅ እየነካ፣ እያሸተተና እየሰማ የሚጫወትበት ዕቃ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም፤ ቤት ውስጥ ምን ልሥራለት ነው ያልሽው። የኔም ልጅ በዚያ ዕድሜው ልክ እንደዚያ ነበር። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ አፈር የሚነካበት ግቢ የለ። ለኔ የሠራልኝን ልንገርሽ።

1. በሶ። ኢንተርኔት ላይ የሚያሳዩሽ ሁሉ ከስንዴ ዱቄት፣ ከጨውና ከዘይት የሚለወስ ሊጥ ነው። እሱ ለ4 ዓመት ልጅ ጥሩ ነው። ያንቺ ግን ገና ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከት ነው። ሊጡ በጣም ብዙ ጨው አለበት፤ ደጋግሞ ቢጎርሰው ሊያመው ይችላል። ጥሬ ዱቄትም ቢሆን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። በሶ ግን ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ነው። በፈላ ውሃና በጥቂት ዘይት እንደ ጭብጦ ጠበቅ አድርገሽ ለውሺውና አብርጂለት። ይጨብጠዋል፣ ይጠፈጥፈዋል፣ በጣቱ ይበሳዋል። ቢጎርሰው ደግሞ ምግብ ነው። ማር ጨምሪበት የሚሉሽ ይኖራሉ። ያንቺ ዓመት ስላለፈው ችግር የለውም፤ ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

2. ተልባ። አፍልተሽ ስታቀዘቅዢው ይዝለገለጋል። በሰፊ ሳህን ገልብጪለት። የኔ ልጅ መጀመሪያ አንድ ጣቱን ነክሮ ወዲያው አወጣና በሸሚዙ ጠረገው። ቆይቶ መዳፉን፣ ከዚያ እስከ ክርኑ ነከረ። ከጣቶቹ መሃል እየተሳበ ሲወርድ አፉን ከፍቶ ያያል። ስልኩ አጠገቡ ሲጠራ ዞርም አላለ። ሱቅ ውስጥ ስላይም እያሉ በውድ የሚሸጡትን ይህ አስንቆኛል።

3. ስለ ውሃ ጨዋታ ልጽፍልሽ ነበር። ግን አንዲት እህት ጥያቄሽ ሥር በኮሜንት «ውሃ ውስጥ የሚያብጡትን ባለቀለም ዶቃዎች ግዢለት፣ ልጆች ይወዷቸዋል» ብላሻለች። እባክሽ አትግዢ። ክፋት አስባ አይደለም፣ አውቃለሁ። እኔ ግን በልጄ አይቼዋለሁ።

ልጄን የማውልበት የሕፃናት ማቆያ «ሴንሰሪ ቀን» እያለ ለዕቃ ተጨማሪ ብር ያስከፍለን ነበር። አንድ ቀን ልብሱን ሳራግፍ ከሱሪው እጥፋት ውስጥ የጎመን ዘር የምታክል ሰማያዊ ፍሬ ወደቀች። ድርቅ ያለች፣ ጠንካራ። ገርሞኝ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣልኳት። በማግስቱ ጠዋት የወይን ፍሬ አክላ፣ ስነካት እያዳለጠች አገኘኋት። በዚያው ሰሞን ልጄ በአንድ በኩል ብቻ አፍንጫው ይፈሳል፣ ሽታም ነበረው። ማቆያው ውስጥ «ጉንፋን ነው» ይሉኛል። ብርጭቆዋን ሳይ ልቤ ደነገጠ፣ ይዤው ሐኪም ቤት ሮጥኩ። ሐኪሙ ከአፍንጫው ውስጥ አውጥቶ አሳየኝ።

ለኃላፊዋ ስነግራት ምን አለችኝ? «ከዱባይ የመጣ ኦሪጅናል ነው፣ መርዝ የለውም ተብሎ ተጽፎበታል። ሌሎቹ ወላጆች ቅሬታ የላቸውም።» ይቅርታ እንኳ የለም። ብሬንም አልመለሰችልኝም። እስካሁን ያናድደኛል። መርዝ አለው መቼ አልኳት? የሚያብጥ ነገር ነው! እስከ 100 እጥፍ ሊያድግ ይችላል። ልጁ ከዋጠው አንጀት ውስጥ አብጦ ሊዘጋው ይችላል፣ ራጅ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይታይም። አሜሪካ ውስጥ ሕፃን ሞቶበታል። አማዞን፣ ዋልማርትና ታርጌት የሚባሉት የአሜሪካ ትልልቅ ሻጮች ለልጆች ተብለው የሚቀርቡትን መሸጥ እንደሚያቆሙ በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ያሳወቁት ለዚህ ነው። ቤትሽ ከገባና ልጅሽ የዋጠ ከመሰለሽ ሳታመነቺ ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ ውሃ ውስጥ የሚያብጥ ዶቃ መሆኑን ቀድመሽ ተናገሪ። አፍንጫው ወይም ጆሮው ውስጥ ከገባም በወረንጦ ልታወጪ አትሞክሪ።

ከዚያ ወዲህ ልጄን አስወጥቼ ቤት አዋልኩት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤት ልጆች ሁሉ እኛ ሳሎን ናቸው፤ እናቶቻቸው በሶውን ይዘው ይመጣሉ። በዚህስ እኮራለሁ።

ውሃውን ልጨርስልሽ። ሳፋ፣ ጆግ፣ ወንፊት፣ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። ይቀዳል፣ ይደፋል። ውሃ በፈረቃ ከሆነ የምታገኙት፣ በኋላ ወለል ትወለውዪበታለሽ። ግን ሞግዚቷን አደራ በያት፣ አንድ ስንዝር በማይሞላ ውሃም ሕፃን ይሰምጣል። በር ቢንኳኳ ልጁን ታቅፋ ትሂድ። ጨዋታው ሲያልቅ ውሃው ወዲያው ይደፋ።

ለሽታ ቡና፣ ቀረፋ፣ ኮሰረት በየጨርቁ አጥብቀሽ ቋጥሪለት። በርበሬና ሚጥሚጣ ያለበት አካባቢ አታስቀምጪው። ባቄላና ሽምብራ ከ3 ዓመት በፊት በእጁ አይግቡ፤ ድምፁን ከፈለግሽ ሃይላንድ ውስጥ ጨምረሽ ክዳኑን በሱፐር ግሉ አጣብቂውና ያንኳኳ።

የምግቡን ነገር ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ነገ ረፋድ ላይ፣ ከምሳ በፊት፣ ሸራ አንጥፈሽ ልብሱን አውልቂለትና በበሶው ጀምሪ። እጁ የለመደውን ነገር አፉም ቶሎ ይለምደዋል፤ የኔ ልጅ ገንፎ በእጁ መብላት የጀመረው በዚያ ነው። ቢጠየፈው አታስገድጂው፣ ማንኪያ ስጪው። በማንኪያ ሲወጋው ሲወጋው ራሱ በጣቱ ይመጣል።