ልጄ ያለ ዘመኑ የተወለደ አዳኝ ነውን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአሥር ዓመት ወንድ ልጄ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ እክል እንዳለበት ከተነገረኝ ስምንት ወር ሆነኝ። ወንበሩ ላይ አይረጋም፤ የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላ ያነሳል፤ ተራ መጠበቅ አይሆንለትም። ሐኪሙ ያዘዘለት መድኃኒት መጠነኛ ለውጥ አምጥቷል። በቅርቡ ግን ታላቅ ወንድሜ «ይህ በሽታ አይደለም፤ ከጥንት አዳኞች የተወረሰ ባሕርይ ነው፤ የታመመው ልጁ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ነው» ብሎ መድኃኒቱን እንዳስቆም መከረኝ። እውነት ለመናገር ልቤ ሊያምነው ይፈልጋል። ነገሩ ምን ያህል እውነት ነው? መድኃኒቱንስ ላስቁም?

መልስ፦ ወንድምዎ የነገሩዎት ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም። ቶም ሃርትማን የተባሉ አሜሪካዊ ጸሐፊ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቁት፣ «የአዳኝና የገበሬ» መላምት በመባል የሚታወቅ ሐሳብ ነው። የሰው ልጅ ማረስ ከጀመረ ገና አሥር ሺህ ዓመታት ግድም ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን እጅግ ረጅም ዘመን ያሳለፈው እያደነና እየለቀመ ነው። ዙሪያውን ያለማቋረጥ የሚቃኝ ዓይን፣ ሳያመነታ የሚወስን ልብ እና አደጋን የማይፈራ እግር ለዚያ ኑሮ ሲሳይ ነበሩ፤ ዘርቶ ወራት የሚጠብቀው ገበሬና በረድፍ የተቀመጠው ተማሪ ግን ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ጠባይ ይፈለግባቸዋል ይላል መላምቱ።

ሐሳቡን የሚደግፉ ጥናቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ በሰሜን ኬንያ በሚኖሩት የአሪያል አርብቶ አደሮች ዘንድ፣ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚቀበሉትን ተቀባዮች ከሚሠሩት ዘረመሎች የአንዱን ልዩ ዓይነት የተሸከሙ ወንዶች ተመርምረው ነበር፤ ይህ ዓይነት ከኤዲኤችዲ ጋር ግንኙነት እንዳለው ቀደም ሲል ተዘግቧል። ከከብቶቻቸው ጋር ከሚዘዋወሩት መካከል የዘረመሉ ባለቤቶች ከሌሎቹ የተሻለ የሰውነት ይዞታ ሲኖራቸው፣ በአንድ ቦታ ከሰፈሩት መካከል ግን የባሰ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ 457 ሰዎች በኮምፒውተር ላይ ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ እየሄዱ ፍሬ የሚለቅሙበት ጨዋታ ተሰጥቷቸው፣ በመጠይቅ የኤዲኤችዲ ምልክት የታየባቸው ፍሬው መመናመን የጀመረውን ቁጥቋጦ ቶሎ እየተዉ ከሌሎቹ የበለጠ ፍሬ ሰበሰቡ።

ይሁን እንጂ መላምቱን እንዳለ ለመቀበል የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉ። ኤዲኤችዲ በዘር የመተላለፍ ዝንባሌው ከፍተኛ መሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ ከአንድ ዘረመል የሚመጣ አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ብቻ የሚያበረክቱ እጅግ ብዙ የዘረመል ልዩነቶች ተደማምረው የሚፈጥሩት ዝንባሌ ነው። ከጥንታውያን አጽሞች የተወሰደ ዘረመልን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሥራ ደግሞ፣ እነዚህ ልዩነቶች ከጥንታዊው የድንጋይ ዘመን ጀምሮ ቀስ በቀስ እየቀነሱ እንደመጡ አሳይቷል። ቅነሳው የጀመረው ሰው ገና እያደነ በነበረበት ጊዜ ከሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ በእርሻና በትምህርት ቤት ላይ መጫን አይቻልም። (በግሌ የአዳኙ ሥዕልም ዘወትር ያጠራጥረኛል፤ አድፍጦ ሰዓታት ሳይንቀሳቀስ መጠበቅ የማይችል አዳኝ ምን ይዞ ይመለሳል?)

ዋናው ስሕተት ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ድምዳሜ ነው። አንድ ባሕርይ በጥንት ዘመን ጠቅሞ ነበር ማለት ዛሬ አይጎዳም ማለት አይደለም። የቀይ የደም ሴል ቅርጽን የሚለውጠው ዘረመል ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ከከባድ ወባ ይከላከላል፤ ከሁለቱም ሲወረስ ብርቱ ሕመም ያመጣል። ለምን እንደተስፋፋ ማወቃችን የታመመውን ከመታከም አያግደውም። ኤዲኤችዲም ቀላል የጠባይ ልዩነት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውና ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን መዝገብ የተከታተለው የዴንማርክ ጥናት ያገኘውን ባላገኘ ነበር፦ ባለ ኤዲኤችዲዎች ያለ ዕድሜ የመሞት ዕጣቸው ከሌሎቹ በእጥፍ ያህል የላቀ ሲሆን፣ ቀዳሚው ምክንያትም ድንገተኛ አደጋ ነበር። ይህን የምጽፈው ላስፈራዎት አይደለም፤ አጠቃላይ አደጋው አሁንም አነስተኛ ነው። ነገር ግን «በሽታ አይደለም» የሚለው አነጋገር የሚሸፍነውን ማየት ያስፈልጋል።

ወንድምዎ ትክክል የሆኑበትን ደግሞ አልነፍጋቸውም። የእክሉ ደረጃ ከአካባቢው ጋር ይቀያየራል፤ በክፍሉ በዕድሜ ትንሹ የሆነ ልጅ ከታላላቆቹ ይልቅ ይህ ስም የመሰጠቱ ዕድል ከፍ ያለ መሆኑ በብዙ አገሮች ታይቷል፤ ይህ ደግሞ ልጅነትን ከእክል ጋር የማደባለቅ ምልክት ነው። ስለዚህም ነው የምርመራው መመሪያ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ ስድስት ወር የቆዩ፣ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቦታዎች የሚታዩና ኑሮን የሚያውኩ መሆናቸውን የሚጠይቀው። የልጅዎ ችግር በአንድ መምህር ክፍል ብቻ የሚታይ ከሆነ ወንድምዎ ሊሰሙ ይገባል፤ በቤትም፣ በጨዋታም፣ መንገድ ሲሻገርም የሚከተለው ከሆነ ግን ትምህርት ቤቱን መቀየር ብቻውን አይፈታውም።

መድኃኒቱን በራስዎ አያስቁሙ። ሜቲልፌኒዴትን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ዶፓሚንንና ኖርአድሬናሊንን በአንጎል ውስጥ ከፍ በማድረግ ይሠራሉ፤ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ሊቀንሱ ስለሚችሉ ክብደቱና ቁመቱ በየጊዜው መለካት አለበት። በእርግጥ ይጠቅመው እንደሆነ ለመለየት ከፈለጉ፣ በክትትል ሥር ለአጭር ጊዜ ተቋርጦ ይታይ ዘንድ ሐኪሙን መጠየቅ ይችላሉ፤ ይህ የተለመደ ጥያቄ ነው። ከዚያ ጎን ለጎን ሥራውን በአጫጭር ክፍል ከፋፍለው ይስጡት፤ በየመካከሉ ይነሣ፣ ይሩጥ፤ ምስጋናውም ሳይዘገይ እዚያው ይድረሰው። ለልጁ «አእምሮህ እንዲህ ነው የሚሠራው» ብሎ መንገር መልካም ነው። «አንተ አዳኝ ነህ» ብለው ካሳደጉት ግን፣ ሒሳብ ሲያቅተው ሰበብ አስቀድመው እንደሰጡት ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። በልጅነቴ ዝምተኛና ሕልመኛ ነበርኩ እንጂ ቀበጥባጣ አልነበርኩም፤ ዛሬ ግን ማናቸውንም ሥራ በጊዜው መጨረስ አቅቶኛል። «የአዳኝ» ገለጻ እኔን አይመስለኝም። ኤዲኤችዲ ሊኖረኝ ይችላልን?

መልስ፦ ይችላል፤ የአዳኙ ተረት ጠያቂያችንን የመሰሉትን ጨርሶ የማያስታውስ መሆኑ ደግሞ ሌላው ጉድለቱ ነው። መቅበጥበጥ ሳይኖር ትኩረት ማጣቱ ብቻ የሚያመዝንበት ዓይነት አለ፤ ክፍል የማይረብሹ ልጃገረዶች ብዙ ጊዜ ሳይታወቅላቸው የሚያድጉትም በዚህ ምክንያት ነው። 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ሰው በአንድ ወገን፣ ማለትም በትኩረት ማጣት ወይም በመቅበጥበጥ በኩል፣ ከሚዘረዘሩት ዘጠኝ ምልክቶች አምስቱ ይበቃሉ፤ ሆኖም የጀመሩት በልጅነት መሆኑ መታየት አለበት። ጭንቀት፣ ድባቴ፣ የእንቅልፍ እጦትና የእንቅርት ዕጢ መዛባት ተመሳሳይ ገጽታ ስለሚኖራቸው አስቀድመው ይመርመሩ። ወደ ሐኪም ሲሄዱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ካርድዎን ከነመምህራኑ አስተያየት፣ ከተቻለም በልጅነትዎ የሚያውቅዎን አንድ ታላቅ ሰው ይዘው ይሂዱ።