ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ቅዳሜዬ የውሃ ሰልፍ ላይ ያልፋል። ቧንቧው ሳምንቱን ሙሉ ሲያፏጭ ይከርማል። ቅዳሜ በ3 ሰዓት ቦቴ ይመጣል ይባላል፤ 6 ሰዓት ይሆናል። ድሮ ታሪክ አስተምር ስለነበር ጎረቤቶቼ ሰልፉን በጥያቄ ይገፉታል። ባለፈው ቅዳሜ ወሬው የአገርና የሕዝብ ቅጽል ስም ላይ ወደቀ።

ጋሼ፣ «ጀሪካን» ምን ማለት ነው? (የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ)

የተቀመጥክበት የጀርመኖች ቅጽል ስም ነው። የእንግሊዝ ወታደሮች ጀርመኑን «ጄሪ» ይሉት ነበር። የጀርመን ጦር በፈረንጆቹ 1930ዎቹ 20 ሊትር ነዳጅ የሚይዝ ጠንካራ ዕቃ ሠራ። ሦስት እጀታ ነበረው፤ ሙሉውን ሁለት ሰው ይጋራዋል፣ ባዶውን ደግሞ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ያነሳል። የእንግሊዞቹ ቆርቆሮ ስስ ነበርና በሰሜን አፍሪካ በረሃ እያፈሰሰ አስመረራቸው። የጀርመኑን ሲማርኩ ወደዱት፣ አስመስለው ሠሩት፣ «የጄሪ ቆርቆሮ» አሉት። የኛው ፕላስቲክ ሆነ እንጂ ስሙ ያው ነው።

«በፈረንጆቹ» አሉ። ፈረንጅ ከፈረንሳይ ነው የመጣው?

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደም። ሁለቱም «ፍራንክ» ከሚባል ሕዝብ ስም የወጡ ናቸው። የመስቀል ጦረኞች በ1099 ኢየሩሳሌምን ሲይዙ ብዙዎቹ ከፍራንኮች አገር የመጡ ነበሩ። ዓረቦች ጣልያኑን ከጀርመኑ ሳይለዩ ሁሉንም በጅምላ «ኢፍራንጅ» አሏቸው። ቃሉ ወደ እኛ በዓረብኛ በኩል ገባ። በምሥራቅ ደግሞ ታይላንድ ድረስ ሄዷል፤ እዚያ ነጩን «ፋራንግ» ይሉታል። እኛ ሰው አልበቃን ብሎ ላሙንም ዶሮውንም ጥዱንም የፈረንጅ አደረግን።

«ታዲያ መንገድ የሚሠራው ቻይናስ ፈረንጅ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ። እናቴ ብትኖር «አዎ» ትልህ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ግን ኮሪያዊውንም ጃፓናዊውንም «ቻይና! ቻይና!» ነው የሚሉት። ዓረቦቹ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ያየኸው ሰው ስም ለመንደሩ በሙሉ ይተርፋል።

የጫማው ቀለም ኪዊ ፍሬ ነው ወፍ? (በር ላይ የሚሠራው ሊስትሮ)

ክዳኑን እየው፤ ወፍ ናት። መብረር የማትችል የኒውዚላንድ ወፍ። ቀለሙን በ1906 የሠራው ግን ሜልበርን፣ አውስትራሊያ የነበረ ዊልያም ራምዚ የሚባል ሰው ነው። ሚስቱ የኒውዚላንድ ልጅ ነበረችና የአገሯን ወፍ ስም ሰጠው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀለሙ ከወታደሩ ጋር ዘመተ፤ የኒውዚላንድ ወታደሮች «ኪዊ» የሚለው ስም የተለጠፈባቸውም በዚያው ጦርነት ነው። ዛሬ ራሳቸውን በኩራት እንዲያ ይጠራሉ። ፍሬው የመጨረሻው መጤ ነው። «የቻይና ጉዝቤሪ» ሲባል ኖሮ በ1959 ለአሜሪካ ገበያ ሲላክ ኪዊ ተባለ። አንተ የያዝከው ቆርቆሮ ከፍሬው ይቀድማል።

ብርቱካንስ የአገር ስም አለበት? (ጉሊት የምትሸጠው ጎረቤታችን)

አለበት እንጂ! ፖርቱጋል ነው። ጣፋጩን ብርቱካን ያስፋፉት የፖርቱጋል ነጋዴዎች ስለነበሩ በዓረብኛ «ቡርቱቃል» ተባለ፤ እኛ ጋ ሲደርስ ብርቱካን ሆነ። «ፖርቱጋል በኪሎ!» ብላ ስትጮህ ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሁለት ሰው ተራውን አጣ።

ሀበሻ በዓረብኛ «ድብልቅ» ማለት ነው ይላሉ። ስድብ ነው?

ይህን በየዓመቱ ክፍል ውስጥ እጠየቅ ነበር። ስሙ ከዚያ ትርጓሜ ይቀድማል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና አክሱም ላይ ባስቀረጸው ድንጋይ ከግዛቶቹ አንዱ «ሐበሠት» ይባላል። በዚያው ድንጋይ የግሪክኛ ጽሑፍ በቦታው የገባው «ኢትዮጵያውያን» የሚለው ነው። ንጉሥ በማዕረጉ ላይ ስድብ አያስቀርጽም። «ድብልቅ» የሚለው ኋላ የተለጠፈ ነው።

ባንዳስ? እሱ የኛው ቃል ነው አይደል?

አይደለም። በጣልያንኛ ቡድን፣ ጭፍራ ማለት ነው። ጣልያን ከአገሬው የመለመለውን መደበኛ ያልሆነ ጦር የሚጠራበት ስም ነበር፤ ለእሱ ስድብ አልነበረም። በእኛ ከ1928 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት አርበኛው ከሃዲ አደረገው። ጣልያኑን ራሱን «ሶላቶ» አልነው። ወታደር ማለት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሜሪካ ሳለሁ «ግሪንጎ» የሚለው የአሜሪካውያን ቅጽል ስም የመጣው ሜክሲኮዎች አረንጓዴ የለበሱትን የአሜሪካ ወታደሮች «ግሪን፣ ጎ!» (አረንጓዴ፣ ሂድ!) ሲሉ ነው ብለውኛል።

ጨዋታው ያምራል፣ ግን ውሸት ነው። የሁለቱ አገሮች ጦርነት የተጀመረው በ1846 ነው። ቃሉ ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ ንግግሩ የማይገባ የውጭ ሰው መጠሪያ ሆኖ ተመዝግቧል። «ግሪክ» ከሚለው ቃል ሳይወጣ አይቀርም። እንዲህ ቁልጭ ያለ ታሪክ ስሰማ እኔ ቀድሜ ዓመተ ምሕረቱን ነው የምጠይቀው።

አንድ ጎረምሳ ደግሞ እዚሁ አገር ሰው ስለሚሰደብበት ቃል ጠየቀ። እሱን ዘለልኩት።

ጋሼ፣ ጀርመኖቹ ራሳቸውስ ጀሪካንን ምን ይሉታል? (ያው የ8ኛ ክፍሉ)

«ካኒስተር»። ጄሪ የሚለው ስድብ እነሱ ቤት አልገባም።

ይህን ስል የቦቴው ጡሩምባ ተሰማ። ልጁ ሁለቱንም ባዶ በአንድ እጁ አንስቶ ሮጠ።