ቪላን ሰጥቻለሁ፣ ታዲያ ለምን ይተያያሉ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። አንድ አንባቢ በሦስት ሰርቨሮች ላይ ፕሮክስሞክስ የተባለውን፣ በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ጭነው የመሥሪያ ቤታቸውን የግል ክላውድ ያስተዳድራሉ። ተጠቃሚዎቹ ሦስት ክፍሎች ናቸው፦ ፋይናንስ፣ ሶፍትዌር እና ፍተሻ። ፋይናንስና ፍተሻ ሁለቱም 192.168.10.0/24 የሚባለውን አንድ የአድራሻ ክልል ይጠቀማሉ፤ አድራሻ ቀይሩ ቢባሉ አንዳቸውም እሺ አይሉም። ለየክፍሉ ቪላን፣ ማለትም በአንድ ስዊች ላይ በቁጥር የተለየ ኔትወርክ፣ ተሰጠ። ነገር ግን ከአንድ የፍተሻ ማሽን ላይ ብሮውዘር ሲከፈት የሰርቨሮቹ ማስተዳደሪያ ገጽ ወለል ብሎ መጣ። ከዚያ የክፍሎቹን ኔትወርክ በሰርቨሮቹ ነባር ኔትወርክ ላይ አሳፍሮ ወደሚያሻግረው ወደ ቪኤክስላን ተዛወሩ። አሁን ደግሞ ፒንግ ይሠራል፣ ፋይል ሲገለበጥ ግን መሃል ላይ ቀጥ ይላል። «ሁሉንም አፍርሼ ልጀምር ወይ?» ይላሉ።

አያፍርሱ። የተደባለቁብዎት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ አንዱ በግማሽ ሰዓት ያልቃል።

እሱን እናስቀድም። ቪኤክስላን እያንዳንዱን ፓኬት ሌላ ፓኬት ውስጥ ጠቅልሎ ነው የሚልከው። መጠቅለያው በአይፒ ስሪት 4 ላይ 50 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ፕሮክስሞክስ፣ ሌላ ካልተነገረው፣ የቪኤክስላን ዞኑን (የቪኤክስላን ኔትወርኮቹን ስብስብ) ኤምቲዩ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚያልፈውን ትልቁን የፓኬት መጠን፣ 1450 ያደርገዋል። ማሽኑ ግን ካልተነገረው ይህን አያውቅም፤ እንደለመደው 1500 ይልካል። ፒንግ ትንሽ ስለሆነ ያልፋል፤ ፋይል ሲገለበጥ ግን ፓኬቱ ሙሉ ይሆንና ድምፁን ሳያሰማ ይጣላል። «ፒንግ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ኤምቲዩ ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። ወይ የማሽኖቹን ካርድ 1450 ያደርጋሉ፤ ቪርትአይኦ በሚባለው ቨርቹዋል ካርድ የኤምቲዩ ሳጥን ውስጥ 1 ቢጽፉ ከብሪጁ (ማሽኖቹ ከሚሰኩበት የሶፍትዌር ስዊች) ይወርሳል። ወይ ደግሞ በሰርቨሮቹ መካከል ያለውን መንገድ ወደ 1600 ወይም 9000 ከፍ አድርገው ዞኑን 1500 ላይ ያስቀምጡታል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው አዲስ ማሽን በተፈጠረ ቁጥር መታወስ አለበት፤ አንድ ቀን አንዱ መረሳቱ አይቀርም። ሲቀይሩ የስዊቹን ፖርቶችም የሰርቨሮቹን ካርዶችም ይንኩ። ከዚያ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር «አትከፋፍል» በሚለው ምርጫ 1572 ባይት የጫነ ፒንግ ይላኩ። ከ28 ባይት ራስጌ ጋር ልክ 1600 ይሆናል። ካለፈ ጨርሰዋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ማስተዳደሪያ ገጹ ለምን ታየ? ፕሮክስሞክስ ሲጫን አንድ ብሪጅ ይሠራል፣ ቪኤምቢአር0 የሚባለውን፤ የሰርቨሩንም አድራሻ እዚያው ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ሰው ሁሉ ማሽኑን እዚያ ላይ ይሰካል። የቪላን ቁጥር ያልተሰጠው ማሽን ከሰርቨሩ አድራሻ ጋር በአንድ መስመር ላይ ወደቀ ማለት ነው። ቁጥር ቢሰጠውም ሁሉም ቪላኖች አንድ ራውተር ላይ ከተገናኙ፣ ራውተሩ «አትለፍ» እስካልተባለ ድረስ ያሳልፋል። ቪላን የሚለየው ራውተሩ ደጃፍ ድረስ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኔትወርክ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህን ወደ ሌላ የሚያሻግረው ማን ነው? በወረቀት ላይ ይጻፉት። መልሱ «ማንም» ከሆነ በእርግጥ ተለይቷል። መልሱ «ያው ዋናው ራውተር» ከሆነ የሚለየው የራውተሩ ሕግ ነው፤ ቁጥሩ አይደለም። ቪኤክስላንም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

መጀመሪያ የሰርቨሮቹን የራሳቸውን ኔትወርክ ይለዩ። የማስተዳደሪያው ፖርት 8006 እና ኤስኤስኤች (በትእዛዝ ከርቀት መግቢያው) በአንድ ቪላን ላይ፣ ክላስተሩ፣ ማለትም የተያያዙት ሦስቱ ሰርቨሮች፣ የሚነጋገርበት ኮሮሲንክ በሌላ፣ ቪኤክስላኑ የሚጓዝበት በሦስተኛ። በሦስቱም ላይ አንድም ቨርቹዋል ማሽን አይኑር። ኮሮሲንክን ለብቻ የማወጣው ለቅንጦት አይደለም። በሰርቨሮቹ መካከል ያለው መዘግየት ከ5 ሚሊሰከንድ በታች እንዲሆን ይፈልጋል። ሃይ አቬይለብሊቲን (ሰርቨር ሲወድቅ ማሽኖቹን ሌላው ላይ የሚያስነሣውን) እየተጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከብዙኃኑ የተቆረጠ ሰርቨር ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። የፍተሻ ክፍሉ የጭነት ሙከራ መስመሩን ቢያጨናንቅ የፋይናንስ ሰርቨር እየተነሣ ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሰው ሁሉ ሃርድዌር ይጠረጥራል፤ መስመሩን የሚያስብ የለም።

ቪኤክስላኑ የሚጓዝበት መስመርም እንዲሁ ለሰርቨሮች ብቻ ይሁን። ቪኤክስላን ምስጠራ የለውም፣ ላኪውንም አያጣራም። በዩዲፒ ፖርት 4789 መላክ የሚችል ሰው የፈለገውን የኔትወርክ ቁጥር ጽፎ ፓኬት ሊሰድ ይችላል።

አሁን ክፍሎቹ። ለየክፍሉ አንድ ቪኔት (ቨርቹዋል ኔትወርክ) በቪኤክስላን ዞን ውስጥ ይሥሩ፤ በሰርቨሩ በኩል ምንም አድራሻ አይስጡት። ለየክፍሉ ደግሞ አንድ ትንሽ ቨርቹዋል ራውተር ያቁሙ፦ አንድ እግሩ በክፍሉ ቪኔት ውስጥ፣ ሌላው እግሩ በመውጫ ቪላን ላይ። ወደ ውጭ የሚሄደውን አድራሻ ይቀይራል፣ ከውጭ የሚመጣውን ይዘጋል። ሁለቱ 192.168.10.0/24 ምንም አይጣሉም፤ አንድ የመንገድ ሠንጠረዥ ላይ በፍጹም አይገናኙምና። የአድራሻ ለውጡ ንትርክም በዚሁ ያበቃል። መውጫው ቪላን ላይ ሦስቱ ራውተሮች እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ በራውተሮቹ በራሳቸው ላይ፣ ከዚያ ወደ ማስተዳደሪያውም እንዳይሻገር ዋናው ፋየርዎል ላይ ይዝጉ።

«ኢቪፒኤን (ቪኤክስላን ላይ ሰርቨሮቹ መንገድ የሚነጋገሩበትን ዘዴ) ለምን አልጠቀምም?» ማለትዎ አይቀርም። ጥሩ ነገር ነው፣ እወደዋለሁም። ለእርስዎ ግን አይሆንም። በአንድ የኢቪፒኤን ዞን ውስጥ ያሉ ቪኔቶች እርስ በርስ ይሻገራሉ፤ የተሠራው ለዚያ ነው። ለየክፍሉ የራሱን ዞን ቢሰጡም፣ የመውጫ ሰርቨር ሲመርጡ የዞኑ መንገዶች ወደ ሰርቨሩ የራሱ ሠንጠረዥ ይገባሉ። እዚያ ሁለት 192.168.10.0/24 አብረው መኖር አይችሉም። የክፍሎቹም ትራፊክ በሰርቨሩ በራሱ በኩል ያልፋል፤ እኛ የሸሸነውም ይህንኑ ነው።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ለሦስት ክፍል ተራ ቪላንም ይበቃ ነበር። ቪላን 4094 ቁጥር አለው፤ ሦስት ክፍል አይጨርሰውም። የቪኤክስላን ጥቅም ከ16 ሚሊዮን በላይ ቁጥር ስላለው ብቻ አይደለም። አዲስ ኔትወርክ በፈለጉ ቁጥር ስዊች መንካት ይቀራል። ስዊቹ በሌላ ሰው እጅ ከሆነና አንድ ቪላን ለማስጨመር ደብዳቤ የሚጻፍ ከሆነ፣ ቪኤክስላን ይሻላል። ስዊቹ የእርስዎ ከሆነ ምርጫው የእርስዎ ነው፤ ከላይ ያለው አሠራር ለሁለቱም ይሆናል።

ከአንድ ቦታ ማስተዳደር የሚለውን ብዙ ሰው ገጹ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ቁም ነገሩ ፈቃዱ ላይ ነው። ከስሪት 8.0 ጀምሮ ፕሮክስሞክስ ማን የትኛው ቪኔት ወይም ብሪጅ ላይ ማሽን መሰካት እንደሚችል «ኤስዲኤን ዩዝ» በሚለው ፈቃድ ይቆጣጠራል። የፋይናንስ ሰዎች የፋይናንስን ቪኔት ብቻ ይሰጣቸው። ቪኤምቢአር0ን ከሁሉም ይንጠቁ፤ ካለበለዚያ አንዱ የፈለገውን ቁጥር ጽፎ የፈለገው ቪላን ውስጥ ይገባል። መጠባበቂያ ቅጂ ሲመጣ ደግሞ በሰርቨሩ በኩል ይውሰዱ። ማሽኖቹ ወደ ቅጂው ማከማቻ መንገድ አያስፈልጋቸውም።

ሥራውን ሲጀምሩ ኮንሶል አጠገብዎ ይሁን፣ ከሰርቨሩ ፊት ለፊት ወይም በአይፒኤምአይ (በሰርቨሩ የርቀት መቆጣጠሪያ)። የማስተዳደሪያ አድራሻ ሲዛወር ራስን ውጭ መቆለፍ ቀላል ነው። ኮሮሲንክን በአንድ ጊዜ አያዛውሩት። አዲሱን መስመር እንደ ሁለተኛ ይጨምሩ፣ ሦስቱም ሰርቨሮች በእሱ መተያየታቸውን ያረጋግጡ፣ ከዚያ አሮጌውን ያውጡ።

ሲጨርሱ ከፍተሻ ማሽን ላይ እንደ ሌባ ይሞክሩ። በእያንዳንዱ የሰርቨር አድራሻ ፖርት 8006ን እና የኤስኤስኤችን 22 ይንኩ። የአይፒ ስሪት 6ንም አይርሱ፤ የሰርቨሩ ብሪጅ በቪኔቱ በኩል በኤፍኢ80 የሚጀምር አድራሻ ካለው ገጹ በዚያ በኩል ሊከፈት ይችላል። ከዚያ ማሽኑን ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ሰርቨር እያዛወሩ ሙከራውን ከነትልቁ ፋይል ይድገሙት። በዞኑ የአቻ ዝርዝር (ቪኤክስላኑን የሚጋሩት ሰርቨሮች ዝርዝር) ውስጥ አንድ ሰርቨር ተረስቶ ከሆነ ወይም አንዱ የስዊች ፖርት 1500 ላይ ቀርቶ ከሆነ፣ የሚታየው ያኔ ነው።