ጎፈሬውን ይዞ ምክር ቤት የገባው ፋርማሲስት

ጠይቁኝ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(ከሂውስተን። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ "ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምሠራው ቦሌ አካባቢ ነው። ስልኬ ላይ ካርታ ስከፍት አንድ መንገድ 'ሚኪ ሊላንድ' ይላል። ሰው ስጠይቅ አንዱ 'ፈረንጅ ነው' አለኝ። ሌላው ደግሞ 'ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ በአውሮፕላን አደጋ ነው የሞተው' አለኝ። ከዚህ ያለፈ የሚያውቅ አጣሁ። አንቺ የምትኖሪው ሂውስተን አይደል? ሰውየው የዚያ ከተማ ሰው ነው ሲሉ ሰማሁ። ማን ነበር?"
የቦሌው አንባቢ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለተኛው ሰው ልክ ነው። ሊላንድ የሂውስተን ሰው፣ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ነበር። እኛ አገር ሊላንድን የምናውቀው በአሟሟቱ ነው። እኔ ግን ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ይሁን ምን፣ የሚማርከኝ ከዚያ በፊት ያለው ሕይወቱ ነው።

ሙሉ ስሙ ጆርጅ ቶማስ ሊላንድ ነው፣ 'ሚኪ' ቅጽል ስሙ ነው። ኖቬምበር 27 ቀን 1944 ሉበክ በምትባል የምዕራብ ቴክሳስ ከተማ ተወለደ። አባትና እናቱ ሲለያዩ እናቱ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ሂውስተን ገባች። የተቀመጡት ፊፍዝ ዋርድ ነው። ከመሀል ከተማ ቡፋሎ ባዩ የሚባለውን ወንዝ ስትሻገር የምታገኘው፣ የጥቁሮችና የድሆች ሰፈር ነበር። እናቱ እየሠራች ተማረችና አስተማሪ ሆነች። እሱ ፊሊስ ዊትሊ ትምህርት ቤት ተማረ። ቀደም ሲል ባርባራ ጆርዳን የተማረችበት ትምህርት ቤት ነው። ይህቺን ስም ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1970 በፋርማሲ ተመረቀና እዚያው ማስተማር ጀመረ። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። የሰፈሩ ሰው ሕክምና እንዲያገኝ በየቤቱ እየዞረ በር አንኳኳ። ክሊኒክ እንዲከፈት ወተወተ። የፖሊስን ዱላ በመቃወም አደባባይ ወጣ።

አሁን አንድ ሰው የማይጽፈው ነገር ልንገርህ። ሂውስተን ያለችበት ሃሪስ አውራጃ ለቴክሳስ የተወካዮች ምክር ቤት እንደራሴዎቿን የምትመርጠው እንደ አንድ ሰፊ ወረዳ ሆና ነበር። ከፊፍዝ ዋርድ የተነሳ ሰው ለማሸነፍ የመላው አውራጃ ድምፅ ያስፈልገዋል። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ቢመርጠው እንኳ አይበቃውም። ባርባራ ጆርዳን በ1962 እና በ1964 ተወዳድራ ሁለቴም የወደቀችው በዚህ ምክንያት ነው። በ1966 የሴኔት የምርጫ ወረዳዎች እንደገና ሲካለሉ ግን አሸነፈች። በቴክሳስ ሴኔት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ያው ሴት፣ ያው ሰፈር። የተለወጠው በካርታው ላይ ያለው መስመር ነው።

የተወካዮች ምክር ቤቱ ካርታ የተለወጠው ደግሞ ለ1972 ምርጫ ነው። አውራጃው በየሰፈሩ ተከፋፈለ። የ27 ዓመቱ ፋርማሲስት ተወዳደረና አሸነፈ። በዚያው ምርጫ ክሬግ ዋሽንግተን፣ አንቶኒ ሆል፣ ሰንፍሮኒያ ቶምፕሰንና ቤን ሬየስም ገቡ። አራቱ ጥቁሮች፣ ሬየስ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው። ሰዉ "የሕዝብ አምስቱ" አላቸው። ሰንፍሮኒያ ቶምፕሰን አስተማሪ ነበረች። ከ50 ዓመት በላይ እዚያው ምክር ቤት አገልግላለች። ይሄን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

በ1973 ጃንዋሪ ሊላንድ ኦስቲን ወደሚገኘው ምክር ቤት የገባው ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ዳሺኪ የሚባለውን ሰፊ የአፍሪካ ሸሚዝ ለብሶ፣ የቆዳ ቦርሳ በትከሻው አንግቶ ነው። ግቢው ሙሉ ልብስና ካውቦይ ጫማ የለመደ ግቢ ነው። አስበው። ብዙዎቹ ሲያዩት የሚጮህ እንጂ የሚሠራ አልመሰላቸውም ነበር።

እሱ ግን ፋርማሲስት ነው። የመድኃኒት ዋጋ ምን እንደሚያደርግ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ አይቷል። በዚያ ዘመን በአብዛኛው የአሜሪካ ስቴት ሐኪሙ የጻፈውን የንግድ ስም ትቶ ያንኑ መድኃኒት በርካሹ መስጠት ለፋርማሲስት ክልክል ነበር። ሊላንድ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ጄኔሪክ የሚባለውን ያለ ንግድ ስም የሚሸጥ ርካሽ መድኃኒት እንዲያገኙ የሚያስችል ሕግ እንዲያልፍ ታገለ። አለፈም።

ባለፈው ወር የእኛ አገር ሴት፣ አንዲት እናት፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጡ። ጠርሙሱን ከፍተው አንዷን ክኒን መዳፋቸው ላይ አደረጉና በብርሃን አዩዋት።

"ልጄ፣ የኔዋ ክብ ነበረች። ይቺ ሞላላ ናት። ርካሽ ስለሆነች ነው አይደል የሰጣችሁኝ?"

"እማማ፣ ፋብሪካው ነው እንጂ የተለየው ውስጧ ያለው መድኃኒት አንድ ነው" አልኳቸው። የሁለቱንም ዋጋ ስክሪኑን ወደሳቸው አዙሬ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ ቁጥሮቹን ተመለከቱ። ከዚያ ከመቀነታቸው የታጠፈ ዐሥር ዶላር አወጡ። መልስ ተቀበሉ። "ይሄን ያሰበ ሰው እግዜር ይስጠው" ብለው ሄዱ።

ብዙ ሰው ሆኖ ነው ያሰበው። ከነዚያ አንዱ የመንገድህ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ "ልጄ፣ የምጽፍልሽ ከዳላስ ነው። ልጄ ነርስ ነው፣ ጥሩ ደመወዝ አለው። አሁን ተነስቶ 'አንድ ቀን ለቴክሳስ ምክር ቤት እወዳደራለሁ' ይላል። ቅዳሜና እሑድ ለአንድ ተወዳዳሪ በር ያንኳኳል። አባቱ ተቆጥቶ መነጋገር አቁመዋል። እኛ ከፖለቲካ ሸሽተን ነው የመጣነው። ለመሆኑ ይሄ የስቴት ምክር ቤት የሚሉት ኮንግረስ ነው? ደመወዙስ ስንት ነው?"
የዳላሷ እናት

መልስ፦ እናቴ፣ ኮንግረስ አይደለም። ኮንግረስ ዋሽንግተን ነው ያለው፣ የመላው አገሪቱ ነው። ልጅዎ የሚለው ኦስቲን ያለው የቴክሳስ የራሷ ምክር ቤት ነው። የተወካዮች ምክር ቤቱ 150 ሰው፣ ሴኔቱ 31 ሰው አለው። የሚሰበሰቡት በየሁለት ዓመቱ ነው፣ በጎዶሎ ቁጥር ዓመት፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ 140 ቀን። ትምህርት ቤቱ፣ መንገዱ፣ እስር ቤቱ፣ የልጅዎ የነርስነት ፈቃድ ሳይቀር የሚወሰነው እዚያ ነው። ሰው ዓይኑን ዋሽንግተን ላይ ተክሎ ይኖራል፣ ኑሮው የሚቆረጠው ግን አብዛኛው ኦስቲን ነው።

ደመወዙን እውነቱን ልንገርዎት። በወር 600 ዶላር ነው። በዓመት 7,200። በስብሰባ ቀናት አበል ይጨመራል። ስለዚህ ልጅዎ ነርስነቱን አይተውም፣ መተውም አይችልም። አብዛኞቹ ሌላ ሥራ አላቸው።

አባትየው የፈራው ይገባኛል። የእኔም አባት እንዲሁ ነበር። ፖለቲካ በኛ ቤት ሰው ወጥቶ የሚቀርበት ነገር ነበር። ይህንን ፍርሃት ማንም አይናቅ። ግን በር ማንኳኳቱን ባይከለክሉት ደስ ይለኛል። ሊላንድም የጀመረው በዚያ ነው።

ምክር ቤት ስለመግባት ልጅዎ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ትዕግሥቱ ነው። ሊላንድ ሦስት ጊዜ ተመርጦ 6 ዓመት ነው ኦስቲን የቆየው። በ1974 እንደራሴዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ለቴክሳስ አዲስ ሕገ መንግሥት ሲያረቁ ከረሙ። መጨረሻ ላይ በ3 ድምፅ ጉድለት ወደቀ። ያን ሁሉ ወር ደክሞ በሦስት ሰው መውደቅ ምን እንደሚመስል ያስቡት! እሱ ግን ተመልሶ ወደ ኮሚቴው ሄደ። የእስር ቤት ማሻሻያ የጋራ ኮሚቴ ምክትል ሰብሳቢ ሆነ። የሁለቱ ምክር ቤቶች በጀት መጨረሻ የሚታረቅበት ኮሚቴ ውስጥም የመጀመሪያው ጥቁር አባል እሱ ነው። ገንዘቡ የሚከፋፈለው እዚያ ክፍል ነው። ጎፈሬና ዳሺኪ ለብሶ የገባ ልጅ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው ባልደረቦቹ ቀስ በቀስ ስላመኑት ነው። ደግሞ ሳቂታና ተግባቢ ሰው ነበር፣ የማይስማሙት ሰዎች ሳይቀሩ ይወዱት ነበር ይላሉ።

ለአባትየው ይህን ያንብቡለት። ቢቆጣም ይስማ።

ጥያቄ፦ "ከነታንያ፣ ከእስራኤል ነው። አባቴ ሊላንድ ሲነሳ 'የደርግ ወዳጅ ነበር' ይላል። እውነት ነው? ጋምቤላ ድረስስ ምን ሊሠራ ሄደ?"
የነታንያው ወጣት

መልስ፦ የደርግ ወዳጅ አልነበረም። የተራበ ሰው ወዳጅ ነበር። አባትህ ያ ወሬ ከየት እንደመጣ ግን ልክ ነው፣ ከደርግ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ይነጋገር ነበር። ሳይነጋገር እህል የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም።

በ1978 ባርባራ ጆርዳን የኮንግረስ ወንበሯን ለመልቀቅ ስትወስን የተመረጠው እሱ ነው። አፍሪካን ግን ቀድሞ አውቋታል። ገና የኦስቲን እንደራሴ ሳለ ለሦስት ሳምንት ብሎ ታንዛኒያ ሄዶ ሦስት ወር ቆየ። ያ ጉዞ እንደለወጠው ሲናገር ኖሯል።

በ1984 ኮንግረስ ስለ ረሃብ ልዩ ኮሚቴ ሲያቋቁም ሰብሳቢው ሆነ። የኛው የ77ቱ ረሃብ ዘመን ነው። መጥቶ መጠለያዎቹን በዓይኑ አየ። ተመልሶም ኮንግረስ ለአፍሪካ 800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እርዳታ እንዲፈቅድ አደረገ። በዚያን ጊዜ አሜሪካና ደርግ ዓይንና ናጫ ናቸው። "እህሉ መንግሥቱን ያጠናክራል" የሚሉ ሰዎች ዋሽንግተን ውስጥ ነበሩ። የእሱ አቋም ግን የልጅ ሆድ ፖለቲካ አያውቅም የሚል ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ከእሱ ጋር ነኝ።

አንተ እስራኤል ስለሆንክ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከምርጫ ወረዳው ዐሥር ዐሥር ልጆች በየክረምቱ እስራኤል ውስጥ ወዳለ ኪቡትስ (የጋራ እርሻ መንደር) ሄደው እየሠሩ እንዲቆዩ የሚያደርግ ፕሮግራም አቋቁሞ ነበር። የፊፍዝ ዋርድ ልጆች ናቸው፣ ብዙዎቹ ከሂውስተን ወጥተው አያውቁም።

ጋምቤላ ወዳለው የፉኝዶ መጠለያ የሄደው የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ሊያይ ነው። ከጦርነት ሸሽተው በእግራቸው የመጡ፣ ወላጅ የሌላቸው ብዙ ሕፃናት እዚያ ነበሩ። ኦገስት 7 ቀን 1989 ሰኞ ጠዋት ከቦሌ በትንሽ አውሮፕላን ተነሳ። አብረውት አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ፉኝዶ አልደረሱም። የክረምት ደመና ነበር። ስብርባሪው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ደምቢ ዶሎ አቅራቢያ ተራራ ላይ ተገኘ። 16ቱም ሞተዋል። እሱ 44 ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ መንታ ወንዶች ልጆች በጃንዋሪ 1990 ተወለዱ። ወንበሩን የያዘው ክሬግ ዋሽንግተን ነው፣ ከ"አምስቱ" አንዱ።

በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ነሐሴ 1 ቀን 1981 ነው። የፍልሰታ ጾም የሚያዝበት ዕለት። እኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አዲስ አበባ። አባቴ ማታ ማታ ሬዲዮኑን ከጆሮው ሥር አድርጎ ፍለጋውን ይከታተላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ድምፁ አይሰማም፣ ዝም በሉ ይለናል። አያቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ "ተገኘ?" ትላለች። ስሙን መጥራት አቅቷት ነበር። "የእንግዳው ልጅ" ነበር የምትለው። "እናት አለው?" ብላ አባቴን ጠየቀችው። አባቴ አላወቀም። ሞቱ ከተነገረም በኋላ፣ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት ከኛ ስም ቀጥላ የሱን ጠራች።